የአንድ ንጉሥ ሳንቲሞች፦ የዳግማዊ ምኒልክን ብር መሰብሰብ ለሚጀምሩ

የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ይገዛል። ትንሽ ቆይቶ ሣጥኑን ሲከፍት የአምስት አገርና የአሥር ንጉሥ ሳንቲም ተደባልቆ ያገኛል፤ አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው ነገር የለም። ለዚህ ፍቱን መላ የሚሆነው ራስን በአንድ ንጉሥ መገደብ ነው። የሮምን ሳንቲሞች የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ልማድ ካዳበሩ ቆይተዋል። ለምሳሌ ከ276 እስከ 282 እ.ኤ.አ. የነገሠውን ፕሮቡስን ብቻ የሚከታተሉ አሉ። ዘመኑ አጭር ነው፤ ነገር ግን ሳንቲሙ በብዙ ከተሞች ስለተመታ ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። ገደቡ ጠባብ ሲሆን ጥቃቅን ልዩነቶች መታየት ይጀምራሉ፤ ልዩነት ሲታይ ደግሞ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል።

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖር ጀማሪ የምመክረው ንጉሥ ዳግማዊ ምኒልክ ነው። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች በዕድሜ ቢበልጡም፣ በአብዛኛው ከመሬት የሚወጡ ቅርሶች ስለሆኑ ለግል ስብስብ አይመቹም። የምኒልክ ሳንቲሞች ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ በየቤቱ ሣጥን ሲቀመጡ የኖሩ ናቸው። ጽሕፈታቸው በፊደላችን ነው። ታሪካቸውም ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ በስተ ሰሜን አምባሰል ውስጥ ካለችው ውጫሌ ጋር የተሳሰረ ነው።

ትስስሩን ለመረዳት ከምኒልክ በፊት ገበያውን ይዞ ከነበረው ገንዘብ እንጀምር። ይህ ገንዘብ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለው ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ በምስሏ የሚመታው ብር ግን ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ነጋዴው የሚያውቀው ያንን መልክ ስለነበር መልኩን መቀየር ገበያን ማጣት ነበር። ከቀይ ባሕር ማዶ እስከ ደጋው ድረስ የሚታመነው ይኸው ብር ሆነ። ከዚህ አንድ ትምህርት ይያዙ፦ በሳንቲም ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ለምን ፈለጉ? የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ኢጣሊያ ውሉን ተመርኩዛ በኢትዮጵያ ላይ የበላይነት ጠየቀች። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የንጉሥዋን የኡምቤርቶን ምስል የያዘ ብር ለኤርትራ አስመታች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሲያፈርሱ፣ በዚያው ዓመት አዲስ ብሔራዊ ገንዘብ እንዲኖር አወጁ። የሌላ ንጉሥ ምስል በገበያው ሊገባ ባለበት ሰዓት የራስን ምስል ማውጣት የነጻነት መግለጫ ነበር። ሳንቲሞቹ ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይ መንግሥት መምቻ ተሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ላይ የምናነበው ዓመት 1887 ነው፤ የዓድዋ ድል በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል።

አዲሱ ብር ማርትሬዛን ለመተካት በመጀመሪያ እርሷን መምሰል ነበረበት። ስለዚህ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር ንጥረቱ ከሺህ 835 እንዲሆን ተደረገ። ንጥረት ማለት በቅይጡ ውስጥ ያለው የንጹሕ ብር ድርሻ ነው። 28.075ን በ0.835 ቢያባዙ 23.44 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ያገኛሉ። የማርትሬዛ ክብደት 28.067 ግራም ገደማ፣ ንጥረቷ ከሺህ 833 ስለሆነ ንጹሕ ብሯ 23.39 ግራም ያህል ነው። የምኒልኩ ብር እንዲያውም በትንሹ ይበልጣል።

ይህ ስሌት አንድ አስገራሚ ነገር ያሳየናል። ብዙ ሰው በተለይም ከዋና ከተማው ርቆ የሚኖረው አዲሱን ብር ትቶ ማርትሬዛን መረጠ፤ ምክንያቱ ግን የብር ማነስ አልነበረም። ማርትሬዛ በድንበር ማዶ ያለው ነጋዴም ሳይጠይቅ የሚቀበላት ነበረች፤ የምኒልክ ብር የሚከበረው በአገር ውስጥ ነበር። የገንዘብ ዋጋ ከማዕድኑ በተጨማሪ በተቀባዩ እምነት ላይ ይቆማል። በሌላ በኩል ማርትሬዛ ዝርዝር አልነበራትም፤ ለትንሽ ግዢ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። የምኒልክ ዝርዝሮች ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው፦ የብር ግማሽ የሆነው አላድ፣ ሩብ፣ የብር ሃያኛ የሆነው ግርሽ እና ከመዳብ የተሠራው ቤሳ። ዛሬ አሮጌ ግርሽ ሲያገኙ ፊቱ እስኪጠፋ ያለቀ ቢሆን አይዘኑ፤ ማለቁ ሥራውን እንደሠራ ምስክር ነው።

አሁን ሳንቲሙን በእጅዎ ይያዙና ያንብቡ። የፊት ገጹ ዘውድ የደፉትን ንጉሥ ከጎን ያሳያል፤ ዙሪያውን «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። በጀርባው ዘውድ የደፋና መስቀል የያዘ አንበሳ ቆሟል፤ ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሕፈት አለ። ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ነው። ፲፰ አሥራ ስምንት፣ ፻ መቶ ስለሆነ ፲፰፻ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን የሚለዩልዎ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው፦ ፹፯ ሰማንያ ሰባት፣ ፹፱ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ፺፪ ዘጠና ሁለት፣ ፺፭ ዘጠና አምስት። ቀጥሎ የአንበሳው የተነሣው የፊት እግር ግራ ወይስ ቀኝ መሆኑን ይዩ፤ በብሩ ላይ ሁለቱም ዓይነት ስላለ ከዓመቱ ጋር አብረው ይመዝግቡ። በመጨረሻም ኤ የምትባለዋን ትንሽ የላቲን ፊደል ይፈልጉ፤ የፓሪስ መምቻ ምልክት ናት።

ካነበቡ በኋላ እውነተኛነቱን ይፈትኑ። እውነተኛ ሳንቲም የሚሠራው ቅርጹ በግልባጭ የተቀረጸበት ብረት በጠፍጣፋ ብር ላይ በኃይል ሲያርፍበት ነው። ብዙው ሐሰተኛ ግን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጥቃቅን ቀዳዳ፣ የደበዘዘ ፊደል፣ በጠርዙም ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው መፈተኛ ሚዛን ነው። ዝርዝሮቹ በልክ የተከፈሉ ስለሆኑ አላድ 14.04፣ ሩብ 7.02፣ ግርሽ 1.40 ግራም ያህል መሆን አለባቸው። በአገልግሎት ያለቀ ሳንቲም ከዚህ ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ ከበለጠ ግን ይጠርጥሩ።

ክብደቱ የተስተካከለ ሐሰተኛም ስላለ ሦስተኛ ፈተና እንጨምር። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ በወርቅ ሠሪ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጠው ንባቡን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታቹን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያስጥሙት። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ አንድ ግራም ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ስለሚይዝ ይህ የሳንቲሙ ይዘት ይሆናል። እውነተኛው አንድ ብር 2.75 ያህል ያሳያል። ውስጡ ናስ ሆኖ በብር የተለበጠ ከሆነ፣ ናስ ከብር ስለሚቀል፣ ለተመሳሳይ ክብደት ወደ 3.3 ይጠጋል።

በወሎ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውላሉ። ብር ለሴቶች ጌጥ ስለሚውል አንጥረኞች ብዙ ጠገራ ብር አቅልጠዋል፤ ሌላውንም በስተው ወይም ቀለበት በይደውለት የአንገት ጌጥ አድርገውታል። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ባለችው ባቲ፣ በሰኞው ገበያ፣ ይህን መሰል ጌጥ ቢያዩ ቀዳዳውን እንደ ጉድለት ብቻ አይቁጠሩት። ዋጋውን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ሳንቲሙ ከገበያ ወጥቶ ወደ ጌጥነት መግባቱን ይነግርዎታል። ብየዳውን ለማንሣት አይሞክሩ። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋም አይፈትጉት፤ ጥቁረቱ ለዓመታት የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ ሲፈተግ አብሮ የሚሄደው የፊደሎቹ ጠርዝ ነው።

ሕጉንም ይወቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል፤ በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ ከመሬት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ ያዛል። ስለዚህ ሻጩ «ከመሬት ወጣ» ካለዎት አይግዙ።

ለመጀመሪያ የሚገዙት አንድ ብር ብቻ ይሁን። ለእርሱ በደብተርዎ አንድ ገጽ ይስጡትና ዓመቱን፣ ክብደቱን፣ በውሃ ያገኙትን ይዘት፣ የአንበሳውን እግር፣ የመምቻውን ፊደል፣ ከማን ቤት ወይም ከየት ገበያ እንደመጣ ይጻፉ። ሁለተኛውን የሚገዙት ከመጀመሪያው በአንዱ ነጥብ የሚለይ ሲሆን ነው። በዚህ መንገድ የተሰበሰቡ ስድስት ሳንቲሞች ያለ ገደብ ከተጠራቀሙ ስልሳ የበለጠ ያስተምራሉ፤ እያንዳንዱ በስብስብዎ ውስጥ ለምን እንዳለ የሚያስረዳ ምክንያት ይኖረዋልና።