ለተማሪ ወላጆች የሚላክ የኢሜይል ዜና መጽሔት አዘገጃጀት



በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ያለ ደረሰኝና ያለ መዝገብ የሚነግድ ሰው መጨረሻው ምን እንደ ሆነ የምታውቁ ናችሁና፣ ይህን ተረት ለእናንተ መተርጐም አያስፈልግም። የትምህርት ቤትም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የፈተናው ቀንና የወላጆች ስብሰባ በሕፃን አፍ ብቻ ሲላክ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ ሰፈር፣ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ስሆን፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ የኢሜይል ዜና መጽሔት እንዳዘጋጅ ስላዘዘኝ፣ ከሥራው የተማርሁትን ለማቅረብ ወደድሁ። ለደንበኞቹ በኢሜይል ለሚጽፍ ነጋዴም ትምህርቱ አንድ ነው።

ሥራው ለነጋዴ ባዕድ አይደለም። «አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሲጀመር አዘጋጁ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ነጋዴ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ በየሳምንቱ 24 ቅጂ በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበር። ዛሬ አንድ ቁልፍ ቢጫን ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ለመቶዎች ይደርሳል። ነገር ግን ድካሙ እንደ ቀለለ መጠን ጥንቃቄውም እንዳይቀል ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ፈቃድ። በምዝገባ ጊዜ ወላጁ አድራሻውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ መጽሔቱ እንዲላክለት መፍቀዱን በፊርማው ያረጋግጥ። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ለትምህርት ቤት ጉዳይ የተሰጠ አድራሻ አደራ ነውና ለሌላ ሥራ አይውልም።

ሁለተኛ፤ አላላክ። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የራሴ ነው። የመጀመሪያውን እትም ስልክ የሁሉንም አድራሻ በግልጽ ቦታ ደረደርሁት። በሦስተኛው ቀን ከወላጆች አንዱ የሆነ ባለሱቅ የደብተርና የቦርሳ ዋጋ ጽፎ ለሁሉም ላከ። ወላጆች ስማችን ተሸጠ ብለው ተቈጡ፤ ብዙዎቹም ከመዝገቡ ተሰረዙ። ከእነዚህም አንዲት እናት የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ፎቶግራፍ የሚያስገቡበት ቀን ሳይነገራት ቀርቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት እየሮጠች መጣች። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ የልጅዋ የዓመት ድካም አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መዝገቡን ክፍት አድርጌ የተውሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የተቀባዮች አድራሻ ዘወትር በስውር ግልባጭ ቦታ፣ ማለት ቢሲሲ በሚባለው ይግባ፤ ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን አያይም። በነጻ የሚሰጠው ጂሜይል በቀን ለ500 ያህል ተቀባይ ብቻ ስለሚልክ፣ ቍጥሩ ከዚህ ሲያልፍ ከፋፍሎ በተለያየ ቀን መላክ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ጽሑፉ። መጽሔቱ የሚወጣበት ቀን የታወቀ፣ ርዝመቱም ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ይሁን። አስቀድሞ ቀን የተቈረጠለት ጉዳይ፣ ቀጥሎ ወላጁ ሊፈጽመው የሚገባ፣ በመጨረሻ የልጆች ሥራ ይጻፍ። በርእሱ ቦታ «ማስታወቂያ» ማለት አይበቃም፤ «የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት» ቢባል ደብዳቤውን ያልከፈተው እንኳ ያውቀዋል። የሕፃናት ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ። ፊደሉም በዩኒኮድ ይጻፍ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ዐይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት መሣሪያ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፤ ኢሜይል የሌለው ወላጅ። በሰፈራችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት አለች፤ ቀኑን ሙሉ በሸማ ሥራ ላይ የሚውል አባትም አለ። ለእነዚህ ያው ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ በልጃቸው እጅ ይላክ፤ በትምህርት ቤቱም በር ይለጠፍ። ልጁ ለወላጁ ያነብለታል፤ ወላጁም በግርጌው ፈርሞ ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም የሚል አይኖርም።

ስለ ባለሱቁ ነገር ኮሚቴው መክሮ፣ ማስታወቂያ የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ እንዲጠይቅና ማስታወቂያውም ከዜናው ተለይቶ በገጹ ግርጌ እንዲወጣ ወሰነ። እርሱም ዋጋውን በዚሁ ሥርዐት ያወጣል፤ ወላጆችም ወደ ሱቁ ይሄዳሉ። እኔም የተሰረዙትን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቄ፣ ያችን እናት ጨምሮ ብዙዎቹ በፊርማቸው ተመልሰዋል። የደንበኞቹን አድራሻ በእጁ የያዘ ነጋዴ ሁሉ፣ በመጋዘኑ የተቀመጠ የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ አድርጎ ይጠብቀው ስል ጽሑፌን በዚሁ እፈጽማለሁ።