ስለ 4,294,967,297 እና ስለ ሒሳብ ምርመራ

አንድ ዕቃ ላኪ አምስት ጊዜ ያለ ጉድለት ቢልክ፣ ስድስተኛው ሣጥን ሳይቈጠር ሊፈረምለት ይገባልን? በቁጥር ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ምሳሌ 4,294,967,297 የተባለው ቁጥር ነው።

ከ1 በልጦ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 12 ግን ለ3 እና ለ4 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም። 2 በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ ሲባዛ 16፣ እንዲሁም እየቀጠለ 256 እና 65,536 ይሆናል። በእነዚህ በአምስቱ ላይ 1 ሲጨመር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይገኛሉ። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፒየር ደ ፌርማ የተባለው የቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው ይህን ተመልክቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1640 ዓ.ም.፣ ተከታዮቹም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ማመኑን ጻፈ፤ ማስረጃ አለማግኘቱን ግን አልሸሸገም።

ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው። በ1732 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ስዊሳዊው ሊዎናርድ ኦይለር ይህ ቁጥር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። የሚጠራጠር ሰው እርሳስ አንሥቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፣ በ41 ሲባዛ 274,717,097 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 4,294,967,297 ይሆናሉ።

አካፋዩን በጭፍን የሚፈልግ ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በተራ ለመሞከር መዘጋጀት ነበረበት። ነገር ግን ኦይለር ኋላ እንዳስረዳው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በዚህ ደንብ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ስለሆኑ በአምስተኛው ሙከራ ነገሩ ያልቃል። ከፌርማ አምስት ቁጥሮች በኋላ በዚህ ተራ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚህ ለፋክቱር ምርመራ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ማባዛትን በዘጠኝ ለመፈተን፣ የእያንዳንዱ ቁጥር አኃዞች አንድ አኃዝ እስኪቀር ድረስ ይደመራሉ። 641 ወደ 2፣ 6,700,417 ወደ 7 ይወርዳል፤ 2 በ7 ሲባዛ 14፣ ይኸውም ተደምሮ 5 ነው። ውጤቱ 4,294,967,297 እንዲሁ ወደ 5 ይወርዳልና ይስማማል። ባይስማማ ኖሮ ስሕተት መኖሩ የተረጋገጠ ይሆን ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው መጨረሻውን 97 በ79 ገልብጦ ቢጽፍም ፈተናው ያው 5 ይሰጣል፤ የ18 ጉድለትም ተሰውሮ ይቀራል። እንግዲህ ይህ ፈተና ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ ለትክክለኛነት ዋስ አይሆንም።

ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፈተናው ቢስማማለትም እንኳ፣ ፊርማውን ከማኖሩ አስቀድሞ እያንዳንዱን አኃዝ ከዋናው ሰነድ ጋር ያስተያይ፤ ድምሩንም ከታች ወደ ላይ ዳግመኛ ይደምር።