ልጁን የሚያሳክከው ከወፏ ቤት የመጣ ቢሆንስ?

ልጅ ሌሊት ሌሊት ሲያሳክከው ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው እከክን ነው። ኩፓት ሆሊም ይኬዳል፣ ቅባት ይታዘዛል፣ አንሶላው ሁሉ ይታጠባል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ማሳከኩ እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲገጥመኝ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ቤት ውስጥ ወፍ አለ ወይ?

እዚህ ኔታንያ በሄፍጺባም በአዞሪምም ፊንክ የሚባሉትን ትናንሽ ወፎች በረንዳ ላይ የሚያኖሩ አሉ። ለልጆች መጫወቻ፣ ብቻቸውን ለሚውሉ አያቶች ደግሞ የቤት ድምፅ ናቸው። ስለዚህ አውጥታችሁ ጣሏቸው አልልም፤ ማከም ይቻላል።

አገር ቤት ዶሮ ያረባ ሰው ተባዩን ያውቀዋል፤ የዶሮ ቅንቅን የምንለው ነው። በዕብራይስጥ አካሪት ይሉታል። ቀዩ ዓይነት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ደም ሳይጠጣ ግራጫ፣ ከጠጣ በኋላ ቀይ ይሆናል። ቀን ወፏን ብትመረምሩ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ በሚቆሙበት እንጨት ስንጥቅና በጎጆው ሣር ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። አንዲት ፊንክ 12 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው፤ ደሟ በሙሉ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ነው። ጫጩቶች በደም ማነስ የሚሞቱትም ለዚህ ነው።

መኖሩን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ማታ ነጭ ጨርቅ በሽቦ ቤቱ ላይ ጣል አድርጉና ሊነጋ ሲል እጥፋቱን በመብራት ተመልከቱ። የሚንቀሳቀስ ቀይ ነጥብ ካያችሁ፣ በጣት ሲጫኑትም ደም ከቀባ፣ እሱ ነው።

ሕክምናው ሁለት ነገር ነው፤ ወፎቹና ቤታቸው። ለወፎቹ የእንስሳት ሐኪም አይቨርሜክቲን የሚባለውን መድኃኒት በክብደታቸው ለክቶ በማጅራታቸው ቆዳ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። አንድ ላይ የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከማሉ። ብዙ ሐኪሞች ውሻና ድመት ብቻ ስለሚያዩ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ወፍ ያክም እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለውሻ የተሠራ ጠብታ፣ ለበግ የሚሰጥ መርፌ ወይም ለልጁ የታዘዘው የእከክ ቅባት ለወፏ አይሆንም። ለእሷ አንዲት ጠብታ እንኳ ልትበዛባት ትችላለች። የበረሮ መርጫም እሷ ባለችበት ክፍል አትርጩ፤ ገንዘባችሁም ወፋችሁም ይሄዳሉ።

ቤታቸውን በተመለከተ፣ ወፎቹን ወደ ሌላ ንጹሕ ቤት አዛውሩና ሣሩንና የእንጨት መቆሚያውን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ። ሽቦውን በጣም በሞቀ ውኃና በሳሙና ማዕዘኑን ሁሉ በብሩሽ እሹት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በሙቀት ወራት ተባዩ ከእንቁላል ተነስቶ በአንድ ሳምንት ገደማ ለመራባት ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አጥቦ መተው ድካም ነው፣ በየሳምንቱ ደጋግሙት። ደም ሳያገኝም ለወራት መቆየት ይችላል። ጎረቤት ከማከማቻ አውጥቶ በነፃ የሰጣችሁን አሮጌ የወፍ ቤት ሳታጥቡ አትጠቀሙበት። ዶሮ አመድ ላይ ስትንከባለል ያያችሁ እናቶች፣ ለፊንክ አመዱ ይቅርባትና መታጠቢያ የሚሆን ውኃ በዝርግ ሳህን ስጧት።

በመተንፈሻዋ ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓይነት ቅንቅንም አለ። ወፏ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ማጠብ አያድናትም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ወደ ልጁ ልመለስ። የወፍ ቅንቅን ሰውን ይነክሳል እንጂ በሰው ላይ አይራባም። እከክ ግን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ በጣቶች መሐልና በእጅ አንጓ ይበዛል፣ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራልና ቅባት ከመደረጉ በፊት ሐኪም ይየው፤ ቤት ውስጥ ወፍ እንዳለም ሳትጠየቁ ንገሩት። የወፍ ቅንቅን ከሆነ ምንጩ ሲጠፋ ንክሻውም ይቆማል። እስከዚያው ቀዝቃዛ ጨርቅ ያስታግሳል፤ ጥፍሩንም አሳጥሩለት፣ የተቧጨረ ቆዳ ይመረቅዛል። የወፎቹንም ቤት ከመኝታ ክፍል አውጡ።

ወፍ በሌለበት ቤትም ይህ ንክሻ ይታያል። ያኔ መስኮቱንና የማዝጋኑን ጀርባ ተመልከቱ። እርግብ ጎጆ ሠርታ ጫጩቶቿ በረው ከሄዱ፣ የተራበው ቅንቅን በመስኮት ወደ ቤት ይገባል። ባዶውን ጎጆ በጓንትና በጭንብል፣ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ረጭታችሁ አንሱት፤ ከፍ ያለ ፎቅ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትንጠላጠሉ፣ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ጥሩ።