ከ«ነው» በፊት የሚገባው ቃል፦ ስም ወይስ ቅጽል?

ተማሪዎች፤ ቀጥለው የተጻፉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

ሀ. አልማዝ ሐኪም ናት።
ለ. አልማዝ ረጅም ናት።

በሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ባለቤቷ አልማዝ ስትሆን ማሰሪያው «ናት» የሚለው ነባር አንቀጽ ነው። በመካከላቸው የገባው ቃል ስለ ባለቤቱ የሚነገረውን አሳብ ስለሚያሟላ ማሟያ ይባላል። «ሐኪም» አልማዝ ምን እንደ ሆነች ስለሚነግረን ስም ነው፤ «ረጅም» ግን እንዴት ያለች እንደ ሆነች ስለሚገልጽልን ቅጽል ነው።

ይህን ልዩነት በእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። «ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር» ሲባል ከስሙ በፊት «ኤ» የምትባል ትንሽ ቃል ትገባለች፤ «ሺ ኢዝ ቶል» ሲባል ግን አትገባም። በአማርኛ ልማድ የተሳበ ተማሪ ይህችን ቃል ቶሎ ይረሳታል፤ ቋንቋችን እንዲህ ያለ ምልክት የለውምና። ስለዚህ በአማርኛ ቃሉን ራሱን መፈተን ያስፈልጋል።

አንደኛው መፈተኛ «በጣም» ወይም «እጅግ» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። «አልማዝ በጣም ረጅም ናት» ይባላል፤ «አልማዝ በጣም ሐኪም ናት» ግን አይባልም። ቅጽል የመብዛትና የማነስ ደረጃ ሲኖረው ስም ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም።

ብዙውን ጊዜ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ዛሬ በጣም ብርድ ነው» እንላለን። ታዲያ «ብርድ» ቅጽል ሊሆን ነውን? እዚህ ላይ ሁለተኛው መፈተኛ ይረዳናል፤ ይኸውም ቃሉን ያለ «የ» ከሌላ ስም ፊት ማቆም ነው። «ቀዝቃዛ ነፋስ» እንላለን እንጂ «ብርድ ነፋስ» አንልም። ስለዚህ «ቀዝቃዛ» ቅጽል፣ «ብርድ» ስም ነው። «ብርድ ልብስ እንል የለም ወይ?» ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ ልብሱ ራሱ ቀዝቃዛ አለመሆኑን ያስታውስ፤ ይህ ከሁለት ስሞች የተገጠመ ጥምር ቃል ነው። በአንጻሩ «ሐኪም ልጅ አላቸው» የሚለው አነጋገር ሁለተኛውን መፈተኛ ያለፈ ይመስላል፤ በአንደኛው ግን ይወድቃል። ስለዚህ አንዱ መፈተኛ ሲያጠራጥራችሁ ወደ ሌላው ሂዱ።

ብዙ ቅጽሎች ሲበዙ ከውስጣቸው ፊደል መደገማቸውም ይረዳችኋል፤ ምሳሌ፦ ረጅም፣ ረጃጅም፤ አዲስ፣ አዳዲስ።

ትርጉምን ብቻ ተከትላችሁ አትፍረዱ። «ያ ወታደር አንበሳ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ወታደሩ ድፍረት የሚናገር ቢሆንም፣ «አንበሳ» በዚህም ቦታ ስም እንደ ሆነ ይኖራል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹት በሁለቱም ወገን የሚያገለግሉ ቃላት ናቸው። «ሰውየው እንግዳችን ነው» በሚለው «እንግዳ» ስም ነው፤ «ነገሩ በጣም እንግዳ ነው» በሚለው ግን ቅጽል ነው። «ሽማግሌ»ም እንዲሁ ነው። ከእናንተ አንዱ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቱ ስለ እርሻ ወሰን ክርክር ማመልከቻ ሲጽፍላቸው «አቶ እገሌ ሽማግሌ ናቸው» ቢል፣ ዳኛው ምን ይረዱ? ሰውየው ዕድሜያቸው የገፋ ነው ለማለት ነው ወይስ ተከራካሪዎቹን ያስታረቁ ናቸው ለማለት? በመጀመሪያው አሳብ ቃሉ የቅጽልን ሥራ ይሠራል፤ «በጣም ሽማግሌ ናቸው» ሊባል ይችላል። በሁለተኛው ስም ነው፤ «ሽማግሌያችን ናቸው» ይባላል። ሰውየው ለምስክርነት የሚጠሩት በሁለተኛው ምክንያት ከሆነ፣ ጸሐፊው «ወሰኑን ያካለሉት ሽማግሌ እርሳቸው ናቸው» ብሎ ቢጽፍ የጎረቤቱ ጉዳይ በአንድ ቃል አሻሚነት አይጎዳም።

መልመጃ

ሀ. ከማሰሪያው በፊት ያለው ቃል ስም ወይም ቅጽል መሆኑን በሁለቱ መፈተኛዎች እየፈተናችሁ አመልክቱ።

1. መንገዱ ጠባብ ነው።
2. ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነው።
3. አገሩ ሰላም ነው።
4. አገሩ ሰላማዊ ነው።
5. ጎረቤታችን ድሀ ናቸው።

(ሦስተኛውን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ «በጣም» ሊያሳስታችሁ ይችላል።)

ለ. «ጀግና» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ስም፣ አንድ ጊዜ ቅጽል አድርጋችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

ሐ. «እርሳቸው ሽማግሌ ናቸው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር፣ አንባቢ ሁለት አሳብ እንዳያገኝበት አድርጋችሁ በሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ጻፉት።