ለኤአይ ወኪል የሚሰጥ መገልገያ እንዴት ይሰነዳል? እንዴትስ ይመዘናል?

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ጌይተርስበርግ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምኅጻሩ የኒስት፣ መቀመጫ ናት። እ.አ.አ. በ1901 የተቋቋመውና በ1960ዎቹ ወደዚህች ከተማ የተዛወረው ኒስት ዋና ሥራው መለካት ነው። ለዘመናት ርዝመትን፣ ክብደትንና ጊዜን ሲለካ የኖረው ይህ ተቋም ዛሬ አንድ አዲስ ጥያቄም ቀርቦለታል፦ በሰው ፈንታ ሥራ የሚፈጽም የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ወኪል ምን ያህል ይታመናል?

ተራው የኤአይ ፕሮግራም ለጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ወኪል የሚባለው ግን ድርጊት ይፈጽማል። ኢሜይል ይልካል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ገንዘብ ያስተላልፋል። ይህን የሚያደርገው ኤፒአይ በተባለው፣ አንዱ ፕሮግራም ከሌላው አገልግሎት በሚጠይቅበት በር በኩል ነው። በዚህ መንገድ ለወኪሉ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገልግሎት መገልገያ ይባላል።

ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ የመገልገያውን ውስጣዊ አሠራር አያይም። የሚያነበው ስሙን፣ አጭር መግለጫውንና የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዝርዝር ብቻ ነው። መመሪያው የጎደለበት የሶፍትዌር ባለሙያ የሥራ ባልደረባውን ይጠይቃል፤ ወኪሉ ግን ብዙ ጊዜ ገምቶ ያልፋል።

ለምሳሌ አንድ የቀጠሮ ማስያዣ መገልገያ «ቀንና ሰዓት ያስገቡ» ብቻ ይላል እንበል። ተጠቃሚው «ለመስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያዝልኝ» ቢል፣ ትክክለኛው ቀን እ.አ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025፣ ሰዓቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጠዋት 9 ነው። ዓመቱን ለውጦ ከወሩ ግን ስሙን ብቻ የተረጎመ ወኪል ሴፕቴምበር 12ን ይይዛል። ቀጠሮው በ10 ቀን ይዛባል፤ መገልገያው ደግሞ ቀኑ በራሱ ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ስሕተት መኖሩን አይናገርም።

ስለዚህ ጥሩ ሰነድ የዘመን አቆጣጠሩን፣ የሰዓት ቀጠናውንና የገንዘቡን ዓይነት በግልጽ ያስቀምጣል። መገልገያው መቼ እንደሚያስፈልግ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማያስፈልግ፣ ስሕተት ሲፈጠር ምን እንደሚመልስና የትኛው ድርጊት ሊቀለበስ እንደማይችልም ይናገራል።

ሰነዱ ከተጻፈ በኋላ ምዘናው ይከተላል። መዛኙ በመጀመሪያ ወኪሉ ተገቢውን መገልገያ መምረጡን፣ ቀጥሎም ያስገባው መረጃ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። በመጨረሻም ውጤቱን ያያል። ወኪሉ «ገንዘቡ ተልኳል» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚታየው በሙከራ ሒሳቡ ላይ የተመዘገበው ለውጥ ነው። ለአንድ ትእዛዝ ዛሬ በትክክል የሠራ ወኪል ነገ ሊሳሳት ስለሚችልም ፈተናው ደጋግሞ መሰጠት አለበት።

የድግግሞሹን አስፈላጊነት ኒስት እ.አ.አ. በጃንዋሪ 2025 ይፋ ያደረገው ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ የመረመረው የወኪል ጠለፋን ነው። በዚህ ጥቃት ተንኮለኛ ትእዛዝ በኢሜይል ወይም በሰነድ ውስጥ ይደበቃል፤ ወኪሉም መገልገያው ያመጣለትን ጽሑፍ ሲያነብ የባለቤቱ ትእዛዝ መስሎት ይፈጽመዋል። ተመራማሪዎቹ ኤጀንትዶጆ የተባለውን፣ የቢሮ ሥራን፣ ጉዞን፣ የመልእክት ልውውጥንና ባንክን የሚያስመስል መፈተኛ ተጠቅመው የአንትሮፒክ ኩባንያን ክሎድ 3.5 ሶኔት ሞዴል ፈተኑ። ቀድሞ ከሚታወቁት ጥቃቶች ብርቱው 11 በመቶ ያህል ሲሳካ፣ አዲስ ከተቀመሩት ብርቱው 81 በመቶ ደረሰ። በተመረጡ ተግባራት ላይ እያንዳንዱ ጥቃት 25 ጊዜ ሲሞከር ደግሞ አማካይ ስኬቱ ከ57 ወደ 80 በመቶ ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈተነ፣ ያውም በታወቀ ጥቃት ብቻ የተፈተነ ወኪል፣ ከእውነቱ ይልቅ አስተማማኝ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

መፍትሔው በከፊል ኢትዮጵያውያን ከሕግ የሚያውቁት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ ለሽያጩ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለኤአይ ወኪልም እንዲሁ የማንበብ ፈቃድ ከመላክ ፈቃድ ተለይቶ ይሰጣል፤ ገንዘብ ከመተላለፉ ወይም ሰነድ ከመሰረዙ በፊትም የባለቤቱ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአዲስ አበባ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አገልግሎት የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተመዘነ ወኪል «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲባል ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው በአማርኛ ሲፈተን ነው፤ ጳጉሜንና በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የዓመት ልዩነትም ከመፈተኛ ጥያቄዎቹ መካከል ሊገቡ ይገባል።