የቦያችን ገንዘብ ለኮብልስቶን ዞረ፤ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቡሬ ነው። ሰፈራችን የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ እንደሚሠራለት በስብሰባ ተነግሮን ነበር። አሁን ገንዘቡ ለኮብልስቶን ዞሯል ይባላል። ከተማ አስተዳደሩ ይህን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ በአንድ ኃላፊ ደብዳቤ ግን መሆን የለበትም። የዓለም ባንክ ያገዘውና በ2010 ዓ.ም. ለ117 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም አሠራሩን ግልጽ አድርጎታል። ከተማው በየዓመቱ የሚከለስ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ነዋሪውን ያማክራል፤ ከዚያ የበጀት ዓመቱን ሥራ ለይቶ በከተማው ምክር ቤት ያስጸድቃል። የፕሮግራሙ ድጋፍም በአፈጻጸም ምዘና ውጤት ይወሰን ስለነበር፣ ዕቅዱን የማያከብር ከተማ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻው ሊያንስበት ይችል ነበር።

ለውጥ የሚመጣበት በቂ ምክንያት አለ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲንር ጨረታው ከተያዘው በጀት በላይ ይሆናል፤ ቦዩ የሚያልፍበት ይዞታ ካሳ ካልተከፈለበትም ሥራው አይጀመርም። ያም ሆኖ የተለወጠው ዕቅድ ተመልሶ ምክር ቤት መቅረብ፣ ለነዋሪውም መነገር አለበት። እኔ እንደማምነው ክረምት ሲገባ ጎርፍ ቤት ለሚገባባቸው ሰዎች ቦይ ከመንገድ ይቀድማል፤ ውኃው መውጫ ካላገኘ የተነጠፈውንም ድንጋይ ይፈነቅለዋል።

እርስዎ የጸደቀውን የዓመቱን ዕቅድና ለውጡ የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤው ከሌለ አቤቱታዎን ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ያስገቡ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ቦዩ በሚቀጥለው ዓመት እንዲገባ ጥያቄው ዕቅዱ ሳይዘጋ፣ ከሰኔ አስቀድሞ መድረስ አለበት።