«ኮሌስትሮልህ ኖርማል ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ ኪኒኑን ልተወው?»



ወረታ ላይ በተመላላሽ ክፍል ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። በቅርቡ ሃርት አታክ አጋጥሟቸው የተረፉ አንድ አባት የላብራቶሪ ወረቀታቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ይኸው ወርዶልኛል አይደል?» አሉኝ። ኤል ዲ ኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል 118 ይላል። ከጎኑ የታተመው መደበኛ መጠን ደግሞ «ከ130 በታች» ነው። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው እውነታቸውን ነው።

ግን ያ 130 የተጻፈው ልቡ ደህና ለሆነ ሰው ነው። የልብ የደም ሥሩ ጠቦ ለተገኘበት፣ ሃርት አታክ ላጋጠመው ወይም ስቴንት ለገባለት ሰው ኤል ዲ ኤል ቢያንስ ከ70 በታች መውረድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዲያውም ከ55 በታች ይላል። ስለዚህ ለእኚህ አባት 118 ገና ብዙ ነው። የወረደውም በኪኒኑ ነው፤ ካቆሙት በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።

ስታቲን (አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን) ቁጥር ከማውረድ ያለፈ ሥራ አለው። በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው ስብ ሽፋኑ ሲቀደድ ደም እዚያው ይረጋል፤ አብዛኛው ሃርት አታክ የሚመጣው እንዲህ ነው። ስታቲን ያንን ሽፋን ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በስካንዲኔቪያ አገሮች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 4,444 የልብ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ከአምስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች 12 ያህሉ ሲሞቱ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት ግን 8 ያህሉ ናቸው።

ለሩዝ አገር ሰው አንድ ጨዋታ ልጨምር። የመጀመሪያውን ስታቲን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፤ ያገኘውም ከኪዮቶ የእህል መደብር በተወሰደ ሩዝ ላይ ከነበረ ሻጋታ ነው! የሻገተ ሩዝ ብሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ ያው ሻጋታ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝም ያመርታል።

አደራ፣ «የልብ በሽታ» ሁሉ አንድ አይደለም። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያበላሸው፣ በየወሩ መርፌ የሚወሰድበት ሕመም ሌላ ነው። የጎረቤትን ስታቲን ተበድሮ መዋጥ ለዚያ አይሆንም፤ መርፌውንም አይተካም።

ምግብን በተመለከተ፣ የፎገራ ላም ደጃፉ ላይ ላለ ሰው ቅቤ ተው ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ልቡ አንዴ የተጎዳ ሰው ቅቤውን ለበዓል ቢያደርገው ይሻላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። ማንኛውም የእህል ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፤ ፓልም ግን ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ስለሆነ ጉበታችን ከደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል እንዳያጸዳ ያደርጋል። ኑግ ከተገኘ ኑግ ይሻላል። ሩዝም ቢሆን ኮሌስትሮል የለውም፤ ነጩ ሩዝ ሲበዛ ግን ስኳርና ትራይግሊሰራይድ ያስነሣል፣ በተለይ ስኳር ላለበት።

ጾም ኮሌስትሮልን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ከሁዳዴ መጨረሻ የተሠራ ምርመራ አምሮ ቢታይ ታዲያ አይግረማችሁ፤ ፍስክ ሲገባ ሊመለስ ይችላል። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ኪኒኑን ዘለልኩት» የሚለኝ ብዙ ነው። መዝለል አያስፈልግም፤ ማታ ውሰዱት። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት፣ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ይሠራሉ። ሲምቫስታቲን ደግሞ ድሮም የማታ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ እንለካለን። ካልወረደ መጠኑን እንጨምራለን ወይም ሌላ መድኃኒት እንደርባለን።

ለጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ስታቲን እንደምትወስዱ ተናገሩ። በውስጡ ያለው ክላሪትሮማይሲን የሲምቫስታቲንንና የአቶርቫስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ሐኪሙ ለእነዚያ ቀናት ሊያስቆማችሁ ወይም ሌላ ሊመርጥላችሁ ይችላል። እርግዝና ያሰበች ወይም ያረገዘች እህትም ቀድማ ትንገረን። ቀላል የጡንቻ ሕመም ካለ መድኃኒቱን ሳታቆሙ ኑና እንነጋገር። ሕመሙ በርትቶ ሰውነት ከዛለ፣ ሽንትም እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ ግን ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ድረሱ።